ከሐዋሳ ጆሃንስበርግ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ትኬቱ ሌላ ይላል፣ ወንድሜ ሌላ ይላል

የሐይቅዳር_ልጅ (ጥቅምት 13፣ ማታ 2:10)

ሰላም ለዚህ ቤት። ከወንድሜ ጋር በዓሣ ለብለብ ተወራርደናልና ፍረዱን።

እናቴ ኅዳር 3 ረቡዕ ወደ ጆሃንስበርግ ትሄዳለች። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ሱቅ ከከፈተ 11 ዓመቱ ነው። እሷ እስከ ዛሬ አውሮፕላን የምታውቀው በላይዋ ሲያልፍ ብቻ ነው። ቪዛው እግዚአብሔር ይመስገን ወጣ፣ ወንድሜም ትኬቱን ቆርጦ በቴሌግራም ላከልኝ። ከቦሌ መነሻ 08:40፣ ጆሃንስበርግ መድረሻ 13:00 ይላል። መካከሉ ስንት ነው? 4 ሰዓት ከ20። ወንድሜ ግን «5 ሰዓት ከ20 ነው፣ አንተ መቁጠር አትችልም» ብሎኝ ሳቀ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በሚሊ ሜትር ስለካ የምውል ሰው ነኝ!

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቁም ነገር ነው። ከሐዋሳ ቦሌ ድረስ በአውሮፕላን ትሂድ ወይስ እኔው በመኪና ላድርሳት? ስልኬ ላይ ስፈልግ አንዱ ቦታ 210፣ ሌላው 275 ኪሎ ሜትር ይለኛል። የቱን ልመን?

ታቦር_ሥር (ማታ 2:31)

ዓሣውን ግዛ። ጆሃንስበርግ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ 13:00 ሲል እዚህ 14:00 ሆኗል። አሁን ቁጠር።

የሐይቅዳር_ልጅ (ማታ 2:34)

አንድ ወረቀት ላይ የሁለት አገር ሰዓት ይጻፋል እንዴ? ለምን አንዱን መርጠው አይጽፉም?

ታቦር_ሥር (ማታ 2:36)

መነሻው በመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው፤ ተቀባዩ ኤርፖርት የሚወጣው በራሱ አገር ሰዓት አይደል?

አሞራ_ገደል (ማታ 2:50)

አንተስ በአንድ ሰዓት ነው የተሳሳትከው። እኔ ለሥራ ሌጎስ የሄድኩ ጊዜ በሁለት ነው የተሸወድኩት። ትኬቱን ሳይ 3 ሰዓት የማትሞላ መንገድ መሰለኝና «ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከመሄድ ይቀላል» ብዬ ፎከርኩ። 5 ሰዓት ተቀመጥኩ! ናይጄሪያ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ጋና ደግሞ ሦስት። ስመለስ ያው መንገድ ወረቀቱ ላይ 7 ሰዓት ሆኖ ቁጭ አለ። ሌጎስና ጆሃንስበርግ ከቦሌ ያላቸው ርቀት ለካ ብዙም አይለያይም፤ ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው ግን አንዱ ጎረቤት፣ ሌላው ባሕር ማዶ ይመስለዋል።

ናይሮቢና ኢንቴቤ ላይ ይህ ጣጣ የለም፣ ሰዓታቸው ከእኛ እኩል ነው።

ወሎ_ሰፈር (ማታ 3:05)

ወንድሜ፣ ከዚያ በፊት 08:40 ማለት ጠዋት 2:40 መሆኑን ለእናትህ በደንብ ንገራቸው። አትሳቁብኝ፣ እኔ የደረሰብኝን ልናገር። ትኬቴ 02:10 ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው ብዬ ተኝቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ቦሌ ደረስኩ። ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። «ጋሼ፣ የእርስዎ አውሮፕላን ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ሄዷል» አለችኝ። ስድስት ሰዓት! ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው።

ቀኑንም እዩ። ትኬቱ ላይ ያለው 12 የኖቬምበር 12 ነው እንጂ ኅዳር 12 አይደለም። አንተ ኅዳር 3 ስላልክ ያወቅክ ትመስላለህ።

የሐይቅዳር_ልጅ (ማታ 3:09)

እሱን ያወቀችው እናቴ ናት። ረቡዕ መሆኑን ሰምታ «ጾም ነው፣ እዚያ ላይ ምን እበላለሁ?» ብላ ባሕረ ሐሳብ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራትም።

ታቦር_ሥር (ማታ 3:15)

የጾም ምግብ አስቀድሞ ይታዘዛል። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ወንድምህ ቢሮ ደውሎ ያስመዝግብ። አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ «ጾም አለ?» ማለት ዕድል ነው።

የድሮ_ዲስፓቸር (ጥቅምት 14፣ ጠዋት 1:20)

ልጆች፣ ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ነበርና ይህን ጥያቄ ሳይ እጄ በላኝ። ትንሽ ላስረዝመው።

ርቀቱን እንጀምር። ከቦሌ እስከ ጆሃንስበርጉ ኦ.አር. ታምቦ 4,060 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ አለካክ ወደ 2,190 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው)። ይህ ርቀት በወረቀት ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም፣ ሉል ላይ ክር ወጥረህ የምታገኘው ነው። አሞራ ገደል እንዳለው ሌጎስ 3,900 አካባቢ ነው፣ ልዩነቱ ከሐዋሳ ሻሸመኔ ጥቂት ምልልስ ነው።

አሁን ሰዓቱ። ትልቁ ጄት ከፍታው ላይ ከወጣ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 4,060ን ለ900 ብታካፍል 4 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ልጄ፣ ያንተ 4 ሰዓት ከ20 ከዚህ ጋር መቀራረቡ በአጋጣሚ ነው፤ ትክክል መሰለህ እንጂ አይደለም። አውሮፕላን ከመነሻው ጀምሮ 900 አይሮጥም። ተገፍቶ ይወጣል፣ ተራውን ጠብቆ ወደ ሜዳው ያመራል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እየወጣ ነው፣ ሲወርድም ከዚያ አያንስም። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጎማው ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ እዚያ ደርሶ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ብሎክ ታይም እንለዋለን።

ለራሴ የምጠቀምበት ዘዴ አለ፤ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ጆሃንስበርግ 5 ሰዓት ከ17 ይሰጣችኋል። ሌጎስ 5 ሰዓት ከ5። ናይሮቢ 1,160 ኪሎ ሜትር ነው፣ 1 ሰዓት ከ52 ይወጣል፣ ትኬቱ ላይ ወደ 2 ሰዓት ጠጋ ብሎ ታገኙታላችሁ። ለአጭር መንገድ ግን ርቀቱን ለፍጥነት ብቻ ማካፈል ውሸታም ነው።

ለምሳሌ ከሐዋሳ ቦሌ። በአየር 210 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፣ ያየኸው ቁጥር ልክ ነው። ለፕሮፔለሩ አውሮፕላን ፍጥነት ብቻ ብታካፍለው 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚመጣው፣ ትኬቱ ግን 45 ደቂቃ አካባቢ ይላል። ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ስለሚጀምር ነው። 275ቱ ደግሞ የአስፋልቱ ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ መጀመሪያ ወደ ሞጆ ወደ ምሥራቅ ይሸሽና እዚያ ታጥፎ ነው ወደ ደቡብ የሚመለሰው። ክርና መንገድ አይገናኙም።

አሁን የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ከቦሌ ጆሃንስበርግ ክሩን ብትወጥሩት የት የሚያልፍ ይመስላችኋል? እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ! ከሐይቃችን በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ። ማለትም እናትህ 210 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፣ ቦሌ አውሮፕላን ይቀይራሉ፣ ከዚያ ያው አውሮፕላን ወደ ኋላ መልሶ በሰፈራቸው ያሳልፋቸዋል። ከዚህ ቀጥታ በረራ ቢኖር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይተርፋቸው ነበር። በእርግጥ አብራሪ ሁልጊዜ በክሩ ላይ አይሄድም፣ የአየር መንገድ መስመርና የተቆጣጣሪው ትእዛዝ አለ። ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ታቦር_ሥር (ጠዋት 1:48)

ጋሼ ይህንስ አላወቅኩም ነበር! ታክሲ ሞልቶ እስኪነሳ መነኸሪያ ድረስ ተመልሶ መሳፈር በሉት።

ቱላ_መንገድ (ጠዋት 2:30)

እኔ መንገዱ ላይ የምውል ሰው ነኝ፣ ስለ አስፋልቱ ልናገር። ሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌ፣ ባቱ፣ መቂ፣ ሞጆ። እሁድ ጠዋት በሌሊት ከወጣህ 4 ሰዓት ይበቃሃል። የገበያ ቀን ከሆነ ሻሸመኔ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላሃል፤ አህያ፣ ባጃጅ፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ ሁሉም ቀድሞህ ነው የሚሻገር። ባቱ ከደረስክ በኋላ የፍጥነት መንገዱ ያሳርፍሃል፣ ከሞጆ ቦሌም እንደዚያው። 5 ሰዓት ያዝ።

አሁን አውሮፕላኑን በዚያው ሚዛን መዝነው። ከቤት ኤርፖርት ድረስ፣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ፍተሻ፣ 45 ደቂቃ በረራ፣ ሻንጣ መጠበቅ። ከደጃፍ እስከ ደጃፍ 4 ሰዓት አይሞላም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። ገንዘቡን ሳልቆጥር ነው።

አሞራ_ገደል (ጠዋት 2:41)

እኔ እከራከርሃለሁ። 4 ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ መጠጣትና 5 ሰዓት አርሲ ነገሌ ጉብታ ላይ መዝለል አንድ አይደለም። ሴትዮዋ የወገብ ሕመም ቢኖራቸውስ?

ፍልውሃ_ናፋቂ (ጠዋት 3:02)

ስለ ርቀት ስታወሩ ዋናውን ረሳችሁት። የሐዋሳው በረራ ከጆሃንስበርጉ ጋር በአንድ ትኬት ነው የተያዘው ወይስ ለየብቻ?

የምጠይቀው ተቃጥዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የክልል ከተማ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ውጭ ሁለት የተለያየ ትኬት ገዛሁ፣ በመካከሉ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበረኝ። የአገር ውስጡ አንድ ሰዓት ዘገየ። ሻንጣዬን ተረክቤ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ሮጬ፣ እንደገና ተፈትሼ ስደርስ የመንገደኛ መመዝገቢያው ተዘግቷል። ለሁለተኛው ትኬት ስለ መጀመሪያው መዘግየት የሚጠየቅ ማንም የለም፤ «ለየብቻ ነው የገዙት» አሉኝ፣ ትክክልም ነበሩ። በአንድ ትኬት ቢሆን ሻንጣው በቀጥታ እስከ መጨረሻው ይላክ ነበር፣ እኔም በሚቀጥለው በረራ እሄድ ነበር።

የሐይቅዳር_ልጅ (ጠዋት 3:20)

ወንድሜ የቆረጠው ከቦሌ ጀምሮ ነው። የሐዋሳውን እኔ ልገዛ ነበር።

ፍልውሃ_ናፋቂ (ጠዋት 3:24)

እንግዲያው ረቡዕ ጠዋት ከሐዋሳ ተነስቶ የ2:40ውን መያዝ የሚባል ነገር እርሳው። ማክሰኞ ይሂዱ፣ አዲስ አበባ ይደሩ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ይውጡ። ማክሰኞ በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ለውጥ የለውም፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ።

የድሮ_ዲስፓቸር (ጠዋት 3:40)

ትክክል። እኔም የራሴን እናት እንዲሁ ነው ያደረግኩት።

ቡርሳሜ (ጠዋት 4:15)

እኔ ነርስ ነኝ፣ አንድ ነገር ብቻ። ቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡ? ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ቢጫዋን ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ደግሞ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ኅዳር 3 ለመሄድ ቢዘገይ ጥቅምት 20 አስከትባቸው፣ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቅ። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ እሰረው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ።

እግራቸው እንዳያብጥ በየሰዓቱ ተነስተው ይንቀሳቀሱ፣ ውሃ ይጠጡ።

የሐይቅዳር_ልጅ (ጠዋት 4:22)

ካርዱን አላወቅኩም ነበር፣ እህቴ እግዜር ይስጥሽ። ነገ ይዣት እሄዳለሁ።

አሞራ_ገደል (ጠዋት 4:40)

ሌላም ነገር፤ ዊልቸር አስመዝግቡላቸው።

የሐይቅዳር_ልጅ (ጠዋት 4:43)

እግሯ እኮ ደህና ነው።

አሞራ_ገደል (ጠዋት 4:51)

ለእግር ማን አለህ? ለመንገድ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ አውሮፕላን ገብተው የማያውቁ እናት ትልቅ ተርሚናል ውስጥ ብቻቸውን ጌት ሊፈልጉ ነው? ዊልቸር ካስመዘገብክ አንድ ሰው ከመንገደኛ መመዝገቢያው ተረክቦ፣ ፍተሻውን አሳልፎ፣ በሩ ድረስ ያደርሳቸዋል። እዚያም ሌላ ሰው ተቀብሎ በኢሚግሬሽን አሳልፎ ለወንድምህ ያስረክባቸዋል። የእኛ እናቶች ግማሾቹ እንዲህ ነው የሚሄዱት።

ታቦር_ሥር (ጠዋት 4:58)

ይሄ ግን በእውነት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ተራ መሻማት አይሆንም? ቦሌ ላይ አንዳንዴ ወረፋው የዊልቸር ሰልፍ ነው። እንዲያው ብቻቸውን የሚሄዱ ናቸው፣ እርዳታ ይፈልጋሉ ብሎ ማስመዝገብ ይሻላል፤ የሚያጅብ ሰው ይመድባሉ።

የሐይቅዳር_ልጅ (ማታ 1:30)

ለማንኛውም ዊልቸር አልኳት። ተቆጣች። «ሁለት ልጅ አዝዬ ታቦርን የወጣሁ ሴት ጋሪ ላይ ልትጭነኝ?» አለችኝ። አጃቢ የሚለውን ተቀብላለች፣ «ወጣት ከሆነ እመርቀዋለሁ» ብላለች።

አሁን የቀረን ሻንጣው ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡላ፣ አንድ ኪሎ የተነጠረ ቅቤ...

ወሎ_ሰፈር (ማታ 1:44)

ቅቤውን ተውት! እዚያ ጉምሩክ የወተትና የሥጋ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም። ኪሎው ከሚወሰድ በርበሬው ቢጨመር ይሻላል። በርበሬውን በሦስት ፌስታል ደራርባችሁ እሰሩት፣ አለዚያ የእኔ እህት ነጭ ቀሚስ የሆነውን ይሆናል።

የድሮ_ዲስፓቸር (ማታ 2:00)

ወንበር የመምረጥ ዕድል ካለህ በግራ በኩል መስኮት ያዝላቸው። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ግራው ምሥራቅ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታ፣ ሻላ፣ ከዚያ የእኛው ሐዋሳ፣ ሁሉም ተሰልፈው በግራ ናቸው። ኅዳር ደመና የለም። ከተነሱ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላቸው ሐዋሳ ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው አባያና ጫሞ ደግሞ በቀኝ ነው።

ቱላ_መንገድ (ማታ 2:08)

ጋሼ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ግራው በኩል ፀሐይ ፊት ለፊት አይደለም እንዴ? ምን ያያሉ?

የድሮ_ዲስፓቸር (ማታ 2:15)

እሱስ እውነት ነው። ነጠላ ይዘዋል አይደል?

የሐይቅዳር_ልጅ (ኅዳር 4፣ ማታ 1:05)

እነሆ ሪፖርት። ማክሰኞ በመኪና ሄድን (ቱላ መንገድ፣ 4 ሰዓት ከ50 ፈጀብን፣ ሻሸመኔ ላይ ያልከው ደረሰ)። አክስቴ ቤት አደርን። እናቴ ግን አልተኛችም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሰዓቱን ለውርርዱ ስል እኔ ስልኬ ላይ፣ ወንድሜም እዚያ ሆኖ ሲከታተል ነበር። በእኛ አቆጣጠር 2:44 ተነቃነቀ፣ 7:58 ቆመ። 5 ሰዓት ከ14። የጋሼ ዘዴ በሦስት ደቂቃ ነው የሳተው! ዓሣው በእኔ ነው፣ ወንድሜ ሲመጣ እከፍላለሁ፤ እስከዚያ ወለድ እንዳይጠይቀኝ።

ቢጫዋን ካርድ እንደገባች ጠይቀዋታል፣ ቡርሳሜ ተባረኪ። የጾም ምግቡም መጥቷል፣ «ሩዙ ጨው የለውም» ከማለት በቀር አላማረረችም። አጃቢው ልጅ የይርጋለም ሰው ሆኖ ተገኘ፣ መርቃው መርቃው ሊያለቅስ ነበር አለች።

የእጅ ሰዓቷን ግን አላስተካክልም ብላለች። ወንድሜ ጠዋት ቁርስ ሲያቀርብ «አንድ ሰዓት አርፍደሃል» ብላዋለች።

የድሮ_ዲስፓቸር (ማታ 1:12)

ሐይቁንስ አዩት?

የሐይቅዳር_ልጅ (ማታ 1:20)

ፀሐዩ አስቸግሯት ነጠላዋን መስኮቱ ላይ ጋርዳ በጭላንጭሉ ስታይ ነበር። «ሐዋሳን አየሁት፣ ቤታችንንም አይቼው ነበር ደመና ባይጋርደው» ነው የምትለው። በዚያ ሰዓት ደመና አልነበረም፣ ግን ዝም አልኳት።

ቱላ_መንገድ (ማታ 1:26)

ውሃው ምን ዓይነት ቀለም ነበር? ሰማያዊ ወይስ ቡናማ?

የሐይቅዳር_ልጅ (ማታ 1:51)

ደውዬ ጠየቅኳት። «ወተት የበዛበት ቡና» አለች።

ቱላ_መንገድ (ማታ 1:53)

ላንጋኖ ነዋ!

የድሮ_ዲስፓቸር (ማታ 1:59)

እኔም ላንጋኖ ነው የምለው። በግራ መስኮት በዚያ ቀለም ሌላ የለም።

የሐይቅዳር_ልጅ (ማታ 2:07)

ጋሼ፣ እኔ አልነግራትም። ደፋር ካላችሁ ቁጥሯን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ።